ውኃ ያልጠጣሁበትን ቤት አላውቅም

የሕማማት ሰኞ ነው። ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ ውዬ፣ አዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ ስጠብቅ አባቴ ደወለ።

«ስትመጪ በወፍጮ ቤቱ በኩል እንዳትመጪ» አለኝ። «በአስፋልቱ ዙሪ።»

«ለምን?»

«ጭቃ ነው።»

ጭቃ! ዝናብ የሚባል ነገር ካየን ስንት ጊዜያችን። የኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም፤ ይኼ ነገር ሁሌም ያበሽቀኛል። ሰው ሞቷል፣ አንተ ስለ ጭቃ ታወራለህ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ደግሞ እኔ የምገባበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የአዴ ጫልቱ ቤት። አባቴ እንዳልሰማ ብሎ ዋሸኝ፣ በውሸቱ ነገረኝ።

በወፍጮ ቤቱ በኩል ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል። ሕማማት ስለሆነ ማንም ማንንም አይስምም፤ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ማልቀስ የለም። ሰው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ፣ ለየብቻው ቆሞ ያለቅሳል። ልጃቸው ገመቹ ሲያየኝ እጁን ሊዘረጋልኝ ብሎ መለሰው። «ነገ ነበር እኮ» አለኝ። «ነገ ነበር እኮ፣ ትዕግስት።» 

ድንኳኑ ጥግ የታሸገ ውኃ ከነላስቲኩ ተደራርቧል። ጾም ስለሆነ ማንም አልነካውም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ያንን ውኃ ሳይ ግን አለቀስኩ።

አዴ ጫልቱ፣ በኦሮምኛ እማማ ጫልቱ እንደማለት ነው፣ ዘመዴ አይደሉም። በደንብ ጎረቤትም አይደሉም፤ በኛና በሳቸው መሀል ወፍጮ ቤቱና ሌላ ግቢ አለ። ሥራቸው ምን ነበር ብትሉኝ ግን ሳላመነታ ምስክርነት እላችኋለሁ። ማንም ያልቀጠራቸው፣ ደሞዝ የሌላቸው ምስክር።

አሠራሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኛ ጋ መታወቂያ ልታወጪ ስትሄጂ «ይቺ ሰው እዚህ ትኖራለች» ብለው የሚፈርሙልሽ ሶስት ነዋሪዎች ይዘሽ ቅረቢ ትባያለሽ። እሺ፣ ትናንት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከአምቦ የመጣ ሰው ሶስት ሰው ከየት ያመጣል? ሱሉልታ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ትናንት በመጣ ሰው ነው የሞላችው። አዲስ አበባ ቤት ኪራይ ያባረረው ሁሉ እንጦጦን ተሻግሮ እኛ ጋ ይወርዳል። ለዚህ ብለው ቀበሌው በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ኪሳቸው ትንሽ ነገር ሲገባ ከተወለድሽ ጀምሮ ያውቁሻል፤ ሳይገባ ደግሞ ሰላምታም የላቸውም።

አዴ ጫልቱ ከነዚህ አይደሉም። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ እጃቸውን እንደ ሽማግሌ ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ። በጋም ክረምትም አንድ ጋቢ፣ አንድ ጥቁር የላስቲክ ጫማ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። ቀበሌው ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ጉቶ ላይ ይቀመጣሉ። ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩ ያሉበት ቦታ ድሮ የአባታቸው የሳር መሬት ነበር ይባላል። እሳቸው ግን እንደዛ ብለው ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ባንኩ ብር ማውጫ ማሽን ጋ ተሰልፌ ሲያዩኝ፣ «እዚህ ጋ ቡሬ የምትባል ላማችን ወልዳለች» አሉኝ። «መንታ። አሁንም ጥሩ ቦታ ነው፣ ይወልዳል።»

ምስክር ሁኑኝ ብሎ የሚመጣውን ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት። «ቤትህን አሳየኝ።» ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ። አለቀ። ውኃ ከጠጡ በማግስቱ ቀበሌ ገብተው ይፈርማሉ። ካልጠጡ ንጉሥ ቢለምናቸው አይፈርሙም። «ውኃ ያልጠጣሁበትን ቤት አላውቅም» ይላሉ።

እኛ ስንመጣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባቴ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ ለንግድ ፈቃዱ መታወቂያ ያስፈልገዋል፣ ሰው አያውቅም። ሰዎች ወደሳቸው ላኩት። እናቴ ትልቅ ሰው ቤቷ መጣ ብላ ለስላሳ አስገዝታ ጠበቀቻቸው።

«ለስላሳ ለእንግዳ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። «እዚህ ቤት እንግዳዎቹ እናንተ ናችሁ። ለስላሳውን እናንተ ጠጡት። ለኔ ውኃ።»

«ኧረ አዴ! ውኃማ እንዴት እሰጥዎታለሁ? ነውር አይደለም?»

«አለ የለም?»

«አለ፣ ግን የጀሪካን ነው…»

«የጀሪካኑን ነው የምፈልገው።»

ያኔ እናቴ አልገባትም። በኋላ ነው የገባን። እኛ ከተማ የቧንቧ ውኃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ተራውም ይዛባል። እውነት እዚያ ቤት የምትኖሪ ከሆነ ውኃ መቼ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፣ ያጠራቀምሽው አለሽ፣ ከሌለሽም የምትበደሪው ጎረቤት አለሽ። ይኼን ሁሉ ሰው አንድ ቀን ተከራይቶ ሊያስመስል አይችልም። አዴ ጫልቱ ግን እንዲህ ብለው አብራርተው አያውቁም፤ እኔ ነኝ እየተነተንኩ ያለሁት። እሳቸው ጠጡ፣ ብርጭቆው ሥር የቀረችውን ጠብታ ይዘው ተነሱ፣ ሲወጡ የበሩ ደፍ ላይ አፈሰሷት። «ቤቱም ይቅመስ» አሉ።

የእናቴን ፊት አልረሳውም። የተከራየነውን ቤት የዛን ቀን ነው እንደ ቤት ያየችው።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ዘናጭ ሰውዬ መጣ። መሬት ሊያገኝበት ነው አሉ መታወቂያውን የፈለገው። አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ መጋረጃ ሰቅሎ ጠበቃቸው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደርሼባቸው ለወሬ ተከትያለሁ። ውኃ ሲሉት ሮጦ ሱቅ ሄደና የታሸገ ይዞ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው፤ ሥነ ሥርዓቱስ ጥሩ ነበር። አዴ ጫልቱ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት።

«ይኼ እዚሁ ከኛ ሥር የሚወጣ ውኃ ነው» አሉት። «ግን ጠርሙስ ከገባ ወዲህ የመንገደኛ ነው። አንተም መንገደኛ ነህ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።» ወጡ። ትከሻቸው እየሳቀ ነበር። ሰውዬው ከኋላችን ሲሳደብ እንኳን ዞር አላሉም።

ቀበሌው ውስጥ የሚሠራው ደረጀም በሳቸው ነው የሱሉልታ ሰው የሆነው። ከወሎ ተመድቦ ሲመጣ ወንደላጤ ነው፣ ብርጭቆ የሚባል ነገር የለውም። ውኃ ሲጠይቁት አፍሮ አፍሮ በፔርሙዝ ክዳን ሰጣቸው። ጠጥተው፣ «ነዋሪ ነህ» አሉት፤ «ብርጭቆ ግን ግዛ።» ይኼን ታሪክ ደረጀ ራሱ ነው ለሰው ሁሉ የሚያወራው። የዛን ቀን ያረጋገጡለትን ነዋሪነት ይዞ ነው እንግዲህ ስንት ዓመት የኛን ነዋሪነት ሲያረጋግጥ የኖረው።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሱሉልታ ለብቻዋ ከተማ መሆኗ ቀረ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ አዲስ አበባን ከበው ያሉት ሁሉ ከኛ ጋር ተጠቃለው አንድ ትልቅ ከተማ ሆኑ፤ እኛ ክፍለ ከተማ ተባልን፣ ቀበሌውም ወረዳ። ለአዴ ጫልቱ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ።

«ቡራዩና እኛ አንድ ነን ነው የምትይኝ?»

«አንድ ከተማ ነን።»

«ቡራዩ ለመሄድ በየት ነው ታዲያ?»

«ያው በአዲስ አበባ። አዲሱ ገበያ ወርደው፣ ወደ አስኮ ይዘው…»

«ሰበታስ?»

«እሱም በአዲስ አበባ ነው፣ በአየር ጤና።»

ትከሻቸው ሳቀ። «ከሳሎን ወደ ጓዳ ለመግባት በጎረቤት ቤት የሚያልፍ ቤት ማነው የሠራው?»

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ስለ ከተማችን ሕዝብ ብዛት ነው። ምን ነካኝ! የገባሁበት ቢሮ ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። አንዱ በድሮው ወሰን ይቆጥራል፣ አንዱ በአዲሱ፣ አንዱ ደግሞ ጣራውን እያየ የመጣለትን ይለኛል። አማካሪዬ ምንጭ አምጪ እያለ ያስጨንቀኛል። ጉቶው ጋ ሄጄ ተነጫነጭኩ።

«ብዙ ነን በያቸው» አሉኝ አዴ ጫልቱ። «አንሷል ካሉሽ እርጉዞቹን ደምሪ።»

እንዲህ እየሳቅን ነበር። ከዚያ መታወቂያ ሁሉ እንደ አዲስ ይውጣ ተባለ። የኔን ያወጣሁት በሳቸው ምስክርነት ነው፤ የሳቸው አሮጌ መታወቂያ ገና ቀን ነበረው። ብዙ ሳይቆይ የሳቸውም ቀን አለቀ። ለሥራ ፍለጋ ኮፒ ላደርግ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብሬያቸው ወረዳው ቢሮ ገባሁ።

ደረጀ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበላቸው።

«እማማ፣ እድሳት አይደለም አሁን፣ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው። ወረዳው አዲስ ነው፣ የድሮው መዝገብ አልተላለፈልንም። ሶስት ምስክር ያስፈልጋል።»

«ለማን?»

ደረጀ እኔን አየኝ። «ለእርስዎ፣ እማማ።»

«እዚህ መኖሬን እንዲናገሩ?»

«ደንቡ ነው እኮ። እኔ ሠራተኛ ስለሆንኩ መፈረም አልችልም እንጂ…»

«አንተ ብርጭቆ ገዛህ?»

«ገዝቻለሁ፣ እማማ።» ጆሮው ቀልቷል።

«ጎበዝ። ስማኝ ልጄ።» ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጃቸውን አሳረፉ። አልጮሁም። «እኔ እዚህ ስወለድ ከተማ አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ እሱ ነው የመጣው። አሁን ምስክር ማምጣት ያለበት ማነው?»

  አዴ ጫልቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወጡ።

ውጪ ላይ እኔ ነኝ ያበድኩት። «አዴ፣ ሶስት ሰው እኮ ነው! እዚህ ቆሜ ብጣራ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል!»

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

«ታዲያስ?»

«ሰው ሲመጣ ነው ምስክር የሚያስፈልገው። እኔ ከየት መጣሁ?»

እንዲህ ዓይነት ነገር ያሳብደኛል። ትክክል ናቸው፤ ትክክል መሆን ግን መታወቂያ አይሆንም። አልኳቸውም። ትከሻቸው እንኳን አልሳቀም።

መታወቂያው ባይኖርስ ትሉ ይሆናል። አዴ ጫልቱ ልባቸውን ያማቸው ነበር። እግራቸው ያብጣል፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጉቶው ለመድረስ መሀል ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ጤና ጣቢያው ሆስፒታል ተኝተው መታከም አለባቸው ብሎ ነበር፤ ሪፈሩ በጤና መድን ነው፤ መድኑ የሚታደሰው በመታወቂያ ነው። ገመቹ ገላን ነው የሚኖረው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አቅሙ በፈቀደ የግል ክሊኒክ ያመላልሳቸዋል፤ ክሊኒክ ደግሞ አያስተኛም። አንድ እሑድ መጥቶ ሀርሜ፣ እናቴ፣ እያለ ቤታቸው ሲለምናቸው እኔም ነበርኩ።

«ሀርሜ፣ ገላን ነይ። እኔ ጋ ላስመዝግብሽ። እዚያ ሰው አለኝ፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ መድኑንም እናወጣለን።»

«የገላን ሰው ልሁን?»

«ምን ለውጥ አለው? አሁን እኮ ገላንም ሱሉልታም አንድ ከተማ ነው!»

«አንድ ከሆነ እዚሁ ይጻፉኛ።»

 ገመቹ እኔን አየኝ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ መልሺ እንደማለት። 

ገመቹ ሲወጣ አዴ ጫልቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ ግትር ነሽ ይለኛል» አሉኝ። «ግትርነት አይደለም፣ ኢንተላ ኮ። ፈርቼ ነው። ይኼ በሽታ እንደማይለቀኝ አውቃለሁ። ስሞት የየት ሰው ናት ብለው ነው የሚጽፉኝ?»

ስንት ዓመት ሳውቃቸው «ፈርቼ ነው» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ለካ ስለ ሆስፒታሉ ስጨቃጨቅ እሳቸው ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት።

ዓቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው አስጠሩኝ። እግራቸው እንደ እንጀራ ሊጥ አብጧል፤ ስትነኪው የጣትሽ ምልክት ይቀራል።

«ጥሪያቸው» አሉኝ። «አንቺ፣ አስካለ፣ ሙሉጌታ።» እትዬ አስካለ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጋሽ ሙሉጌታ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። «ግን ውኃ ሳይጠጡ አይፈርሙም።»

ሌላ ጣጣ መጣ። ቢሮው ምስክር የሚቀበለው ጠዋት ብቻ ነው። ጠዋት ደግሞ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የሚቀምስ የለም።

«አዴ፣ ጠዋት ይፈርሙና ከዘጠኝ በኋላ መጥተው ይጠጣሉ! ማን ያያል?»

«መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ምስክር። እስከዛሬ ገልብጬ አልሠራሁም።»

«የእርስዎ ቤት መሆኑን ዓለም ያውቃል እኮ!»

«የሌላውንም ቤት አውቅ ነበር፣ እጠጣ ነበር እንጂ።»

ተሸነፍኩ። ከቅዳሴ በኋላ ይጠጡ፣ በማግስቱ ጠዋት ይፈርሙ ተባባልን።

የዛን ቀን ቤታቸው ስደርስ በሩ በሁለት በኩል ተከፍቷል፣ ደጁ ተጠርጓል። አዲስ ብርጭቆዎች ገዝተዋል፤ አንዱ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንኳን አልተነሳም። ቢጫው ጀሪካን ታጥቦ ጥግ ላይ ቆሟል። የቧንቧ ተራችን ካለፈ ቆይቷል፤ ውኃዋን ለዚህ ቀን ብለው ነው ያስቀመጧት። እትዬ አስካለ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች መጣች፤ ጋሽ ሙሉጌታ ቅንድባቸው ዱቄት እንደሆነ።

«አዴ፣ ይኼ ሁሉ ሽር ጉድ ለውኃ ነው?» አለች እትዬ አስካለ። «ጠላ ቢሆን እንኳን!»

«ጠላማ ብሰጥሽ ንግሥት ናት ብለሽ ትፈርሚብኛለሽ።»

ጋሽ ሙሉጌታ ብርጭቆውን ይዘው ተነስተው ቆሙ። «እኔን እዚህ ሰፈር ያስገባችኝ እሷ ናት» አሉ፣ እንደ ምርቃት። «ወፍጮዬ ገና ሳይተከል፣ ቤቴ ምንም ሳይኖረኝ ውኃዬን ጠጣች። ዛሬ ብድሬን ልመልስ።» በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። እትዬ አስካለም ጠጣች። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ውኃው ትንሽ የጀሪካን ጣዕም ነበረው፤ የኛ ቤት ውኃም እንደዛ ነው የሚለው።

«አሁን አንቺ አፍሺው» አሉኝ። «እግሬ አላስነሳኝም።»

የቀረችኝን ጠብታ ይዤ ሄጄ ደፉ ላይ አፈሰስኳት። ምን እንደሚባል አውቃለሁ፣ ግን ለባለቤቷ ተውኩት። እሳቸው ከአልጋው ላይ ሆነው አሉልኝ። «ቤቱም ይቅመስ።» ዞር ስል ትከሻቸው ይስቃል።

በማግስቱ አራታችንም ወረዳው ቢሮ ሄድን፤ እሳቸውን ባጃጅ ይዘንላቸው። ደረጀ ገና ከበር ሲያየን ፊቱ ተቀያየረ።

«ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል። ፎርሙን እሞላለሁ፤ የሳቸው ፊርማ ከሌለ ግን ሲስተሙ አይቀበለውም።»

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ስብሰባው ይረዝማል። የሕማማት ማክሰኞ ኑ። ማክሰኞ የትም አይሄዱም፣ እኔ ራሴ አስይዛቸዋለሁ።»

ጮህኩበት። የጮህኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው መቅረጽ ሁሉ ጀምረው ነበር። ደረጀ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የማልረሳው ግን አዴ ጫልቱ ከኋላዬ ቀሚሴን ሳብ አድርገው ያሉኝን ነው።

«ተይው። ለሱም ሶስት ምስክር ያስፈልገዋል፣ ሰው መሆኑን የሚያዩለት። ደግሞ አንቺን ትዕግስት ብሎ ስም ያወጣልሽ አባትሽ ውሸታም ነጋዴ ነው።»

ሆሳዕና ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎናቸው ነበርኩ። ዘንባባ ጣታቸው ላይ አስረው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ይደረጋል። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ በሆሳዕና ቀድሞ ይጸለይለታል። እኔ እውነቱን ለመናገር እግሬን እያፈራረቅኩ መቼ ነው የሚያልቀው እያልኩ ነበር። አዴ ጫልቱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እስከ መጨረሻው ቆሙ።

ስንወጣ ክንዴን ይዘው ቀስ እያሉ፣ «ለማን እንደሆነ ሳያውቁት ይፈቱለታል» አሉኝ። «ስሙን እንኳን አልጠየቁም። ደግ አይደለም?»

«ደግ ነው፣ አዴ።»

«ማክሰኞ እንዳትረሺ።»

«ኧረ አልረሳም!»

ሰኞ ሞቱ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዳቸው ሲያነሳቸው እጁ ላይ አለፉ አሉኝ። ፍትሐታቸው በቆሙበት አልቆ ስለነበር፣ ቀብሩ ላይ ካህናቱ ብዙ አልቆዩም።

ከፋሲካ በኋላ ገመቹ የሞት ምስክር ወረቀት ማውጣት ነበረበት። ብቻዬን አልችልም ብሎ ጠራኝ። እትዬ አስካለና ጋሽ ሙሉጌታም ለብቻችሁ አትሄዱም ብለው ተከተሉን። የዛን ዕለት የሄድነው አራት ሰዎች አሁንም አራት ነን፤ በአዴ ጫልቱ ቦታ ገመቹ ገባ። ወረዳው ቢሮ ስንደርስ ደረጀ ቆሞ ተቀበለን። ጺሙን አልተላጨም።

«የሟች መታወቂያ?» አለ። ድምፁ አይሰማም።

«ቀኑ ያለፈበት ነው ያለው» አለ ገመቹ።

ደረጀ ፎርም አወጣ። ከዚያ፣ «እንግዲያው መሞታቸውን የሚያረጋግጡ…» ብሎ አልጨረሰውም።

ሶስታችንም ምስክሮች እዚያው ቆመናል። ኃላፊው ቢሮአቸው ውስጥ ናቸው። ሲስተሙ ይሠራል። ጠባችሁን ቀጥሉ የሚል ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ የምጣላው ግን ጠፋ። በሕይወት ለመኖራቸው ስንት ተመላልሰን ያላለቀልን ነገር ለመሞታቸው ከምሳ በፊት አለቀ።

ደረጀ ፎርሙን እየሞላ በየተራ ይጠይቃል። ሟችን እንዴት ያውቋቸዋል? እትዬ አስካለ «ጎረቤቴ» አለች። ጋሽ ሙሉጌታ «እናቴ» አሉ፤ ደረጀ ቀና ብሎ አይቷቸው እንዳሉት ጻፈው። እኔ ጋ ደረሰ።

«አንቺስ?»

«ቤታቸው ውኃ ጠጥቻለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በመዳፉ ፊቱን አሸው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰውዬ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ብሎ ተነጫነጨ። እኔም ድሮ እንደሱ ነበርኩ።

ደረጀ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። አንድ ክፍት ቦታ ቀርቶ ነበር፤ የሟች መኖሪያ የሚለው። ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ ከተማ እየተባለ በየሳጥኑ የተከፋፈለ ነው። እሱ ግን ሳጥኖቹን አልፎ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በትልቁ አንድ ቃል ጻፈ። ጠረጴዛው ላይ ተጠግቼ አነበብኩት።

ሱሉልታ።

ለዚያች ቃል ምስክር አልጠየቀም። ፈረምኩ።